በግንቡ ሥር የተጨበጠው እጅ

ጠጋ በሉ። እዚያ በሩ አጠገብ ያላችሁትም ግቡ፤ የዛሬው ወሬ ከሩቅ የሚሰማ አይደለም።

ሰዓቱ ፀሐይ ገብታ ሰውን ከሰው ለመለየት የሚቸግርበት ነው። ቦታው ባሕር ማዶ፣ በድንጋይ ግንብ የታጠረች አንዲት አሮጌ ከተማ። ከግንቡ ሥር ቀጭን መንገድ አለች። በአንድ በኩል ግንብ፣ በአንድ በኩል ገደል። ጭጋግ ነው። ሰው የለም። ውሻ እንኳ የለም።

በዚያች መንገድ ሁለት ሰዎች ይመጣሉ፤ እትዬ ዘርትሁንና ባለቤታቸው ጋሽ ደምመላሽ።

እዚያ ምን ወሰዳቸው? ጋሽ ደምመላሽ ወልድያ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ካርታ ላይ በዱላ ሲያሳዩ የኖሩትን ከተማ ሁሉ፣ ጡረታ ሲወጡ "በእግሬ ካልረገጥኩት!" አሉ። እትዬ ዘርትሁን ደግሞ አዋላጅ ነርስ ነበሩ። ዘመድ ተሰብስቦ፣ "በዚህ ዕድሜ? ጉልበቱን የሚያመው ሰው ይዘሽ? አርፋችሁ ቤታችሁ ብትቀመጡስ?" አላቸው። እትዬ ምን አሉ? "ጡረታ የወጣሁት ከሥራዬ ነው፤ እግሬ ጡረታ አልወጣም!" አሉና ሻንጣቸውን ዘጉ።

ይህች አራተኛዋ ከተማ ናት። ያረፉበት ቤት ባለቤት፣ አንዲት አሮጊት፣ ጠዋት አስጠንቅቃቸው ነበር። "የማታው ደወል ከተደወለ በኋላ በግንቡ ሥር አትሂዱ። በወረርሽኝ ዘመን አንድ ሰው ከመንገድ ሲመለስ የከተማው በር ተዘጋበት። ሚስቱ ውስጥ፣ እሱ ውጭ። እዚያው ሞተ። እስከ ዛሬ የሚያስገባው እጅ ይፈልጋል። ያገኘውን ሰው ግን ይዞ ገደል ነው የሚገባው።"

ጋሽ ደምመላሽ ሳቁ። እትዬ ዘርትሁን አልሳቁም፤ አልፈሩምም።

ታዲያ ከከተማው ውጭ ያለውን የፈረሰ ገዳም ሲጎበኙ መሸባቸው። ደወሉ ተደወለ። ወደ በሩ የሚያደርሰው ያ መንገድ ብቻ ነው። ጋሽ ከዘራቸውን እየተደገፉ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ጀመሩት።

ትንሽ እንደሄዱ ጋሽ፣ "የጫማዬ ማሰሪያ ተፈታ፤ አንዴ ጠብቂኝ" ብለው እጃቸውን ለቀቁ። እትዬ ቆመው ጠበቁ። ጭጋጉ ወፈረ። ወዲያው አንድ እጅ መጥቶ እጃቸው ውስጥ ገባ። ጉዟቸውን ቀጠሉ።

እጁ ይቀዘቅዛል።

"ደምመላሽ፣ በረደህ እንዴ?"

"እ።"

ሄዱ። ሄዱ። እትዬ ጆሯቸውን አቀኑ። የሚሰማው ኮቴ የራሳቸው ብቻ ነው። የጋሽ ከዘራ ድምፅ የት ሄደ? እናንተ ብትሆኑ ምን ታስባላችሁ?

"ጉልበትህስ?" ብለው ጠየቁ።

"ደህና ነው። ምንም አላመመኝም።"

ድምፁ የጋሽ ደምመላሽ ነው። ጋሽ ደምመላሽ ግን በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ "ጉልበቴ ደህና ነው" ብለው አያውቁም!

ይሄኔ ከኋላ፣ ከሩቅ፣ "ዘርትሁን! ኧረ ጥለሽኝ ሄድሽ!" የሚል ጥሪ መጣ።

ታዲያ ይሄ የጨበጡት እጅ የማን ነው?

ቀስ ብለው ዞሩ። መጀመሪያ ባርኔጣ ታየ። ቀጥሎ ትከሻ፤ ትከሻው ላይ የረጠበ ካባ። ከባርኔጣው በታች ፊት መኖር ነበረበት አይደል? አፈር ነው ያለው። አፈሩ ውስጥ አፍ ተከፈተ።

"በሩ ሊዘጋ ነው። የሚገባው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሽማግሌውን ተዪውና ነይ።"

ወደ ገደሉ ይጎትታቸው ጀመር።

እናንተ ብትሆኑ ትጮኻላችሁ። እኔም እጮኻለሁ። የእትዬ ዘርትሁንን እጅ ግን በምጥ ጊዜ ስንቷ ወላድ አጥንቱ እስኪንቋቋ ጨምቃዋለች! እግራቸውን ተከሉ።

"ስማ!" አሉት። "አርባ ሁለት ዓመት አብሮኝ የኖረ ሰው ከኋላዬ እያነከሰ ይመጣል። አንድ ሰው ብቻ የሚያስገባ በር ከሆነ ይዘጋ! አልገባም!"

"ነይ!"

"አልመጣም አልኩህ!"

ጎተታቸው። ጫማቸው ጠጠሩ ላይ ተንሸራተተ፤ አንድ እግራቸው ከመንገዱ ጠርዝ ወጥቶ ባዶ ረገጠ። እንዲህ እያሉ ሲታገሉ፣ ቋ! ቋ! ቋ! ከዘራ ተሰማ። ጋሽ ደምመላሽ ደረሱ። ያንን ፊት አዩና ባሉበት ቆሙ።

"እሱን አትየው! እኔን ያዘኝ!" አሉ እትዬ።

ጋሽ የእትዬን ሌላኛውን እጅ ያዙና ወደ ግንቡ ሳቧቸው። ያን ጊዜ እትዬ ቀና ብለው ያንን ፍጥረት እንዲህ አሉት፤

"ይኸው፣ ሁለት ነን። የምንገባውም ሁለት ሆነን ነው። ሚስትህ ጋ መግባት ከፈለግህ አንተም ተከተለን። መጎተት ግን የለም!"

ጉተታው ቆመ።

ሦስቱም ወደ በሩ ሄዱ። ጋሽ ፊት፣ እትዬ መሃል፣ ያ ነገር ከኋላ፣ እንደ ሕፃን እየተመራ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ በዚያ ሰው ላይ ከተዘጋበት ስንት መቶ ዓመቱ! ደፉን ሲሻገሩ ከውስጥ የሴት ድምፅ ሰሙ፤ የማያውቁትን ስም ጠራች። በእትዬ መዳፍ ውስጥ ያለው እጅ ቀለለ፣ ቀለለ፣ ጠፋ።

ጠዋት ጋሽ ደምመላሽ ዓይናቸው ቀልቶ፣ "ወደ ሀገራችን እንመለስ ይሆን?" አሉ።

"ለምን ብለን?" አሉ እትዬ ዘርትሁን። "አውቶቡሱ ለሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው፤ ተነሥ!"

አምስተኛዋንም ስድስተኛዋንም ከተማ አዩ። የእትዬ ቀኝ መዳፍ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሞቆ አያውቅም። የጨበጣቸው ሰው ሁሉ ደንገጥ ይላል።

እናንተም ሂዱ፤ ሀገር እዩ። ማንም ቤት ቁጭ አያድርጋችሁ። ብቻችሁን ግን አትሂዱ። በጨለማ እጅ የዘረጋላችሁን ሰው ደግሞ፣ ከመጨበጣችሁ በፊት፣ ፊቱን እዩት!