ተራ የጠበቀው የቀብር ጥሪ

አቶ ቢተው በደብረ ማርቆስ የታወቁ የጽሕፈትና የሕትመት ሱቅ ባለቤት ነበሩ። እኩለ ቀን ላይ ከኮምፒውተራቸው አጠገብ ተደፍተው ተገኙ፤ ከንፈራቸው አረፋ ደፍቋል፣ የሻዩ ብርጭቆ ባዶ ነው። አሁን አስከሬናቸው ጓዳ ተጋድሟል። ሻዩን ከጠረጴዛቸው ስኳር ጨምራ የሰጠቻቸው ጸሐፊያቸው ሥራነሽ እጇ በካቴና ታስሮ በሩ ሥር ቆማለች።

ኢንስፔክተር የኔዓለም ለቀብር የሚቸኩል ሰው አይወዱም። የሟቹ ታናሽ ወንድም ጌቱ ደግሞ ቸኩሏል።

«ገዳይዋ ይቻትና! ወንድም ጋሼን በዘጠኝ ሰዓት እንቅበራቸው።»

«ጠዋት የት ነበርክ?»

«እሷ ያተመችውን ፈተና ልታደርስ ትምህርት ቤት፣ እሳቸው ፀጉራቸውን ሊስተካከሉ ሲሄዱ፣ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ሱቁን ጠበቅሁ። ኮምፒውተሩን ግን አልነካሁም።»

የሟቹ ሚስት መቅዲ ከትናንት ጀምሮ ጉንደ ወይን ከተማ የታመመች እናቷን ስታስታምም ነበር፤ ገና ከመኪና መውረዷ ነው።

«ቃላችሁን ጽፌ ላትም፤ ወረቀት የታለ?» አሉ ኢንስፔክተሩ።

«የትናንቱ ፈተና ጨረሰው» አለች ሥራነሽ። «ቁም ሳጥኑ ውስጥ አለ፤ ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው።»

ወረቀት ገብቶ ማተሚያው ሲበራ ማንም ሳያዘው መሥራት ጀመረ። የቢተው ፎቶ ብቅ አለ፤ ከሥሩ «ድንገት ባደረባቸው ሕመም... ቀብራቸው ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት» ይላል። ጌቱ ሊያጠፋው ሲንደረደር በሩ ላይ የቆመ ፖሊስ ያዘው።

የኔዓለም ሁሉንም አስቀምጠው በኮምፒውተሩ ላይ የሕትመት ተራውን አስከፈቱ።

«ለማተሚያ የተላከ ጽሑፍ ተራ ይዞ ይጠብቃል። ወረቀት ቢያልቅ፣ ማተሚያው ቢጠፋ፣ ዋናው ጽሑፍ ቢሰረዝ እንኳ ኮምፒውተሩ ቅጂውን ከነሰዓቱ ይይዛል። ይህ የተላከው ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። አቶ ቢተው ያኔ ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ነበሩ፤ ሻዩም አልተቀዳም።»

«እሷ ናታ!» አለ ጌቱ።

«እሷ ትምህርት ቤት ነበረች። ብትሆንማ ቁልፍ አላት፤ ወረቀት ጨምራ ታወጣው ነበር። ወይዘሮ መቅዲ ጉንደ ወይን ነበሩ። አንተ ጥሪውን በጊዜ ይጁቤ ላሉ ዘመዶች አድርሰህ፣ ሐኪም ሳያያቸው ልታስቀብራቸው ነበር። ወረቀት ስታጣ ጽሑፉን ሰረዝክ፣ ማተሚያውን አጠፋህ፤ በቃ የቀረ መሰለህ። ስኳሩንም የመረዝከው ያኔ ነው።»

ጌቱ አንቱታውን ረሳው። «ሱቁ የአባታችን ነው! እሱ ግን ዘበኛ አደረገኝ!»

ካቴናው ከሥራነሽ ወደ ጌቱ እጅ ዞረ። ማተሚያው አላቆመም፤ ሃምሳ ቅጂ ነበር የታዘዘው። መቅዲ አንዱን አንስታ እስከ መጨረሻው አነበበችው። እንባ አልወጣትም።

«ሥራነሽ፣ መቼም ሰው መጥራታችን አይቀርም» አለች። «ጽሑፉ ደህና ነው። ቀኑን ለውጪውና ሕመም የሚለውን፣ የወንድሙንም ስም አውጪልኝ።»

ሥራነሽ ካቴናው የላጠውን እጇን እያሸች በአቶ ቢተው ወንበር ላይ ተቀመጠች።