በረኪና ሐይቅ ገባች

«ትፊበት» አለች ልጅቷ።

እናትየው የመጥለቂያ መነጽሩን እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ቆማለች። «ምኑ ላይ?»

«መስታወቱ ላይ። ትፊበትና በጣትሽ አዳርሺው። አለዚያ ውሃ ውስጥ ጉም ይይዘዋል፤ ምንም አታዪም።»

«አጥቤ ያመጣሁትን ዕቃ?»

«እማዬ፣ ትፊ።»

ተፋች። ሰው ፊት ስትተፋ በዕድሜዋ የመጀመሪያዋ ነበር። ምራቋ መስታወቱ ላይ ሲንሸራተት ላለማየት ዓይኗን ጨፈነች።

ሴትየዋ የምግብ ቤቶች ንጽሕና ተቆጣጣሪ ናት። በስሟ የሚጠራት የለም፤ ወዳጅም ጠላትም «በረኪና» ነው የሚላት። ነጭ ጓንቷን አጥልቃ አንድ ወጥ ቤት ስትገባ አብሳዮቹ ጥፍራቸውን ከጀርባቸው ይደብቃሉ። ምድጃ ሥር እጇን ሰድዳ ያወጣችውን ነገር የባለቤቱ አፍንጫ ድረስ ታስጠጋለች። እውነት ለመናገር ጎበዝ ነበረች፤ እሷ ያየችው ቤት በልቶ ሆዱን የታመመ ሰው አልተሰማም። ችግሩ፣ ጓንቱን ቤቷ ገብታም አለማውለቋ ነው።

ልጇ ደግሞ ሰው ሐይቅ ውስጥ መጥለቅ ታስተምራለች። ታጥባም ተቀብታም ላስቲክ ላስቲክ፣ ሐይቅ ሐይቅ ትሸታለች። ከጥቂት ወራት በፊት እጮኛዋን ይዛ ለምሳ መጣች። ተበላ፣ ተጠጣ፣ ተሳቀ። ልጅቷ ውሃ ልትቀዳ ከወንበሯ ብድግ ስትል፣ እናት ጨርቅና በረኪናዋን ይዛ ከች አለችና ወንበሩን ጠረገችው። አስባበት አይደለም፤ እጇ ነው የሠራው። ልጅቷ ብርጭቆ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ አየቻት። እጮኛዋም አየ።

«አንቺ የእኔ ውሃ ውስጥ የገባሽ ቀን፣» አለች ልጅቷ፣ «እኔም የአንቺ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ።»

ብርጭቆውን አስቀምጣ ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ የእናቷን ደጃፍ አልረገጠችም። ወንበሩ እንደጸዳ አለ፤ ማንም አይቀመጥበትም። በረኪና ዛሬ ሐይቁ ዳር የቆመችው ለዚህ ወንበር ብላ ነው።

ቦታው ለጀማሪ የተመረጠ ነው። ከጠጠሩ ዳርቻ በእግር እየተራመዱ ይገቡበታል። ጥልቅ በሚባለው በኩልም ቢሆን ከአንድ ፎቅ ቤት ቁመት አያልፍም። ከዳር እስከ ታች ገመድ ተዘርግቷል፤ በገመዱ ጫፍ የብረት መድረክ፣ በመድረኩ ላይ ደወል አለ። ጀማሪ ሁሉ ገመዱን ይዞ ይወርዳል፣ ደወሉን ይመታል፣ ይመለሳል። ልጆች እንኳ እየተሳሳቁ የሚወርዱበት ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የተባለው ግን እንዲህ ላለው ዳርቻ ሳይሆን አይቀርም።

ያለ ጥንድ መግባት ክልክል ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ ለበረኪና ጥንድ ሆኖ የተመደበው ባለፈው ወር ወጥ ቤቱን ያሸገችበት የምግብ ቤት ባለቤት ነበር። በሆዱ የተነሣ «ድስቴ» ይሉታል። ከማቀዝቀዣው ኋላ ያገኘችውን ነገር ስታስታውስ እስካሁን እጇን ትታጠባለች።

«እንደምን አደሩ እትዬ!» አለ ድስቴ፣ ጥቁሩ የላስቲክ ልብስ ሆዱ ላይ ሊፈነዳ ደርሶ። «ሥራ አስፈቱኝ። ሥራ ፈት ምን ያደርጋል? ይዋኛል።»

«እጅዎን ታጥበዋል?»

«ሐይቅ ልንገባ ነው'ኮ እትዬ!»

ልጅቷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ትምህርቷን ቀጠለች። «በድንጋጤ ወደ ላይ መፈትለክ ክልክል ነው፤ ሳንባ ይጎዳል። አንዳችሁ አየር ብታጡ፣ ሌላችሁ መተንፈሻውን ከአፋችሁ አውጥታችሁ ትሰጡታላችሁ። ደረታችሁ ላይ የተንጠለጠለውን ትርፍ መተንፈሻ ደግሞ ለራሳችሁ ትጎርሳላችሁ።»

«ከአፍ የወጣውን?» አለች በረኪና። «ለምን ትርፉን አንሰጠውም?»

«ከአፍሽ የወጣው እንደሚሠራ ታውቂያለሻ። አየር ባጣ ሰው ላይ ያልተሞከረ ነገር አትሞክሪም።»

በረኪና የድስቴን አፍ አየችው። ከጥርሶቹ መሐል አንድ አረንጓዴ ነገር ተሰክቷል። ከዚህስ አንተው አውጣኝ አለች በልቧ።

የራሷ መተንፈሻ ግን አላሳሰባትም፤ አጽድታዋለች። ልጅቷ «መንከሱን ተለማመጂ» ብላ ትናንት ስትሰጣት የሚነከሰው ላስቲክ ላይ የጥርስ ምልክት ነበረበት። የማን ጥርስ እንደሆነ እግዜር ይወቀው፤ ስንት አፍ አላምጦት ይሆን! በረኪና ላስቲኩን ጨምድዶ የያዘውን ማሰሪያ በመቀስ ቆረጠች፤ ላስቲኩን ነቅላ ዘፈዘፈችው፤ ፈተገችው፤ ቀቀለችው። መልሳ ሰክታ በነጭ የስፌት ክር ቆንጆ አድርጋ አሰረችው። ልጅቷ ጠዋት ተቀብላ ልትፈትሸው ወደ ፊቷ ስታስጠጋው የበረኪና ሽታ አፍንጫዋን መታት። «እዚህም?» ብላ ፊቷን አዞረችና ከቱቦው ጋር ገጠመችው። ባትናደድ ኖሮ ክሩን ታየው ነበር።

ንፋሱ የተነሣው ውሃው ወገባቸው ሲደርስ ነው። ሐይቁ አረፋ ደፈቀ። ከመሐል እየገፋ ያመጣውን ሁሉ ዳር ላይ ከመረው፤ የበሰበሰ ቅጠል፣ የውሃ ፕላስቲክ፣ የሕፃን ዳይፐር፣ ሆዱ የተነፋ ዓሣ። ዓሣው ማዕበል በመጣ ቁጥር የበረኪናን ወገብ እየሳመ ይመለሳል። ጭቃው እግር ይውጣል። እግሯን በነቀለች ቁጥር ከሥሩ አረፋ ቡልቅ ይላል፤ ሲፈነዳ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ጉሮሮዋ ድረስ የመጣውን መልሳ ዋጠችው።

«ከፈለግሽ እንመለስ» አለች ልጅቷ። ድምጿ ውስጥ «አውቄው ነበር» የሚል ነገር አለበት።

«ማን እንመለስ አለ?» አለች በረኪና፤ መተንፈሻውን ነክሳ ጠለቀች።

ልጅቷ ከፊት፣ በረኪና ከመሐል፣ ድስቴ ከኋላ ሆነው ገመዱን ይዘው ወረዱ። ገመዱ በአረንጓዴ ልጋግ ተሸፍኗል፤ በጓንቱ በኩል እንኳ ያሟልጫል። ጆሮዋ ውስጥ የራሷ ትንፋሽ ይጮኻል። ትንሽ እንደሄዱ እጇ ላይ የሆነ ነገር ቀዘቀዛት። ጓንቷና እጅጌዋ መሐል፣ በተራቆተችው ቆዳዋ ላይ፣ አንድ ጥቁር አልቅት ተለጥፏል። አንገፈገፋት። ይዛ ነቀለችው፤ ጓንቱም አብሮ ሾልኮ ሄደ። ደሟ እንደ ጭስ ተነነ።

ማዕበሉ ታቹን በጥብጦት ኖሮ ውሃው ቀስ በቀስ ቡና መሰለ። ከፊቷ የነበረው የልጇ እግር ጠፋ። በባዶ እጇ ልጋጉን ጨብጣ፣ ጥርሷን ነክሳ ተሳበች። ከደረቷ የተፈታው ትርፍ መተንፈሻ ጭቃውን እያረሰ ከኋላዋ እንደሚጎተት አላወቀችም።

ከጭጋጉ ውስጥ አንድ ጢማም ፊት ብቅ አለ። የሰው ጭን የሚያህል አምባዛ ነው። ገመዱ ሥር የተጠራቀመ የዶሮ አንጀት እየበላ ነበር፤ ግማሹ ከአፉ ተንጠልጥሏል። መጣና መስታወቷን በጢሙ ዳሰሰው። ጮኸች፤ ከጩኸቱ የወጣው አረፋ ብቻ ነበር። ዓሣው ደንብሮ በድስቴ ሆድ ሥር ተፈተለከ። ድስቴ ደግሞ ከዓሣው ብሶ ደነበረ፤ ተገልብጦ ሲራገጥ የእግሩ መቅዘፊያ የበረኪናን አገጭ ጠረቀው።

ቆንጆዋ የክር ቋጠሮ ተበጠሰች።

መተንፈሻው ከቱቦው ጋር ተወርውሮ ጭጋጉ ውስጥ ገባ፤ የተቀቀለው ላስቲክ አፏ ውስጥ ቀረ። አየር ብላ ሳበች፤ ሐይቁ ገባ። ያ ሁሉ፣ ዓሣውም ዳይፐሩም ልጋጉም የተዘፈዘፈበት ውሃ አፏን ሞላው። ላስቲኩን ተፋችው። ትርፉን ፍለጋ ደረቷን ዳበሰች፤ የለም። ቱቦውን ተከትላ ከጭቃ ውስጥ ጎትታ አወጣችው። አፉ ጥቁር ዝቃጭ ጠቅጥቋል፤ ከዝቃጩ ውስጥ ቀይ ትል ይነቃነቃል። እጇ በራሱ ፈቃድ ለቀቀው።

ወደ ድስቴ ዞራ በመዳፏ ጉሮሮዋን ቆረጥ ቆረጥ አደረገች፤ አየር የለኝም ማለት ነው። ድስቴ ዓይኑ ፈጠጠ። ግን ገባው። መተንፈሻውን ከአፉ መዞ ዘረጋላት።

በረኪና ፊቷን አዞረች። ይህን በኋላ ለማንም አልተናገረችም እንጂ፣ ለአንድ አፍታ ሞቱን መርጣ ነበር። የታያት ወንበሩ ነው፤ ንጹሕ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ዕድሜ ልክ ባዶ። ዞራ አፏን ከፈተችና ጎረሰች።

ነጭ ሽንኩርት ነበር። የትናንት ሲጋራ ነበር። ከሁሉ የቀፈፋት ግን ሙቀቱ ነው፤ ላስቲኩ የሌላ ሰው አፍ ሙቀት ገና አለቀቀውም። ሳበች፤ አየር ገባ። ደግማ ሳበች። እንዲህ የሚጣፍጥ አስጸያፊ ነገር በሕይወቷ ቀምሳ አታውቅም። ድስቴ የራሱን ትርፍ ጎርሶ ክንዷን ጨብጦ ያዛት፤ እሷም ያዘችው።

ልጅቷ ገመዱን ይዛ እየበረረች ተመለሰች። እናቷን አየች፣ ቱቦውን ተከትላ ድስቴን አየች። የአየር መለኪያውን ተመልክታ አውራ ጣቷን ወደ ላይ ቀሰረች፤ እንውጣ ነው። በረኪና ራሷን ነቀነቀች። በባዶ እጇ ወደፊት፣ ወደ ደወሉ አመለከተች። ልጅቷ እንደገና ቀሰረች፤ እናት እንደገና ነቀነቀች። ሲግባቡ የኖሩት በግትርነት ስለሆነ በዚህም ተግባቡ። ልጅቷ የእናቷን የመጥለቂያ ሰደርያ ጨምድዳ ይዛ ሦስቱም ተጣብቀው ሄዱ። ደወሉን ቀንድ አውጣ ወርሶታል፤ ምላሱ ላይ የተንጠለጠለው ገመድ እንደ ንፍጥ ይለጠጣል። በረኪና በባዶ እጇ ጨበጠችና ሳበችው። ድምፁ ደረቷ ውስጥ ተሰማት።

ዳር ላይ ወጥታ በአራት እግሯ አስመለሳት። ልጅቷ ጀርባዋን እያሸች ሳለ የተንጠለጠለውን መተንፈሻ አየችና እጇ ቆመ። አንገቱ ላይ አንዲት ነጭ ክር ቀርታለች።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ክር።»

«ማሰሪያውስ?»

«ቆረጥኩት። ልቀቅለው ብዬ።»

«ቀቀልሽው?» ልጅቷ ጠጠሩ ላይ ዝርፍጥ አለች። መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች። «ልትሞቺብኝ ነበር'ኮ። እኔም ሳልፈትሸው! ተናድጄብሽ ሳልፈትሸው…»

«ተይ በቃ። አለሁ አይደል?»

ድስቴ የላስቲክ ልብሱን ከሆዱ ላይ ለማላቀቅ እየታገለ ጣልቃ ገባ። «እትዬ፣ እንግዲህ በአንድ አፍ ተነፈስን። ወጥ ቤቴን መቼ ይከፍቱልኛል?»

«ከማቀዝቀዣው ኋላ ያለውን ጠርገህ ስትጨርስ።»

«ነፍስዎን አትርፌ?»

«ነፍሴን ስላተረፍክማ ነው ‹አንተ› ያልኩህ። ጥርስህንም ፋቀው።»

ድስቴ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ልጅቷ በዚያው ቀን፣ ልብሷ ሳይደርቅ፣ ከእናቷ ጋር ቤት ገባች። ወንበሩ ፊት ጥቂት ቆመች።

«ተቀመጪ» አለች እናት።

ተቀመጠች። በሉ። ስለ አምባዛው ጢም አወሩ፤ የድስቴን አረጋገጥ ልጅቷ ቁጭ ባለችበት አሳየች። በመጨረሻ ውሃ ልትቀዳ ብድግ ብላ ወጣች።

ወንበሩ ላይ ሰፊ እርጥብ ቦታ ቀርቷል። መሐሉ ላይ አንዲት አረንጓዴ የሐይቅ ክር ተጋድማለች። የበረኪና እጅ ማንም ሳያዘው ወደ ጨርቁ ሄደ። ጨርቁን ነካው። ቀና ስትል ልጅቷ ብርጭቆ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ታያታለች።

በረኪና ጨርቁን ተወችው። ወንበሩን ሳብ አድርጋ እርጥቡ ላይ ተቀመጠች። ቅዝቃዜው ቀሚሷን ዘልቆ ገባ፤ ከእግር ጥፍሯ እስከ ራስ ፀጉሯ ዘገነናት። አልተነሣችም።

«ለእኔም ቅጂልኝ» አለች።