ከአቦከር የደወለችው ልጅ

«አፍንጫሽን ያዝ አድርጊና በይው!» አለ ኤልሳዕ ከስቱዲዮው መስታወት ወዲያ ሆኖ። «ያንቺን ድምፅ ከተማው ያውቀዋል። የሌላ ሰፈር ልጅ ሁኚ።»

ናፊያ አፍንጫዋን በሁለት ጣቷ ያዘች። በሌላው እጇ ወረቀቱን ወደ ፊቷ አስጠግታ አነበበች።

«ሄሎ፣ አምስት በር! ከአቦከር ነው የምደውለው። የጠዋቱን የለቅሶ ማስታወቂያ ስላስቀራችሁልን ደስ ብሎናል! በጠዋቱ ሞት ከምንሰማ ዘፈን ይሻለናል። በርቱ!»

አጠገቧ የተቀመጠችው ጓደኛዋ ኤደን የሹራቧን እጅጌ አፏ ውስጥ ከታ በሳቅ ተንፈራፈረች። ኤልሳዕ አውራ ጣቱን አነሳ።

«አቦ፣ ገደልሽው!» አለ። አዲስ አበቤ ነው፤ «አቦ» ማለትን የለመደው ሐረር ከመጣ ወዲህ ነው። «አንዴ እንድገመው። መጨረሻ ላይ ደግሞ ሳቂበት፤ ደስ ያላት ልጅ ናት እኮ።»

ናፊያ ደገመችው። ሳቀችበትም።

አምስት በር ኤፍ ኤም የአገሬው ነጋዴዎች ጣቢያ ነበር። አንዱ ጨርቅ፣ አንዱ ቡና፣ አንዱ ቆርቆሮ የሚሸጡ ሰዎች ተሰባስበው አቋቋሙት፤ ስድስት ዓመት ገፉት፤ ሲደክማቸው ለአንድ የአዲስ አበባ ድርጅት ሸጡት። ድርጅቱ ኤልሳዕን ሥራ አስኪያጅ አድርጎ ላከው። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ቀልድ የማያልቅበት፣ «ጋሼ አትበሉኝ፣ ኤልሳዕ በሉኝ» የሚል ሰው ነው። ክፉ አልነበረም። ግን አለቆቹ «ሙዚቃና ኳስ፤ ሌላውን ቀንስ» ብለውታል፣ እሱም ይቀንሳል። መጀመሪያ የገበሬዎች ሰዓት ቀረ። ቀጥሎ የተረት ሰዓት። አሁን ደግሞ ጋሽ ተስፋዬ በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ የሚያነቡት የለቅሶ ማስታወቂያ ከረቡዕ ጀምሮ ሊቀር ነው።

ይኼኛው ቅነሳ ሰውን እንደሚያስቆጣ ኤልሳዕም አልጠፋውም። ስለዚህ ቀድሞ «የአድማጭ አስተያየት» ሊያሰማ አሰበ። ደስ ያለው አድማጭ ሲጠፋ ጊዜ አምስት ደዋይ እዚያው ጣቢያው ውስጥ አዘጋጀ። ናፊያ አንዷን ሆነች። ኤደን ድምፅዋን ጎርነን አድርጋ አንድ ጡረተኛ ሽማግሌ፣ ቀጥላም አንድ ባለሱቅ ሆነች። የቀሩትን ሁለቱን የጣቢያው ልጆች ሞሉ።

«የእናንተ የቅዳሜ ፕሮግራም አይነካም» አላቸው ሲጨርሱ። «እንዲያውም ርዝመቱ ከአንድ ሰዓት ወደ ሁለት ሰዓት ያድጋል። ግን ይኼ ነገር ከዚህ ክፍል ከወጣ፣ እናንተም አብራችሁ ትወጣላችሁ። ተግባባን?»

ተግባቡ።

ናፊያ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። ክፍል ውስጥ መምህር ስሟን ከጠራ ምላሷ ይተሳሰራል፤ የምታውቀውን እንኳ አትመልስም። ማይክ ፊት ስትቀመጥ ግን ማንም አይችላትም። በጊደር መጋላ ገበያ ስታልፍ በርበሬ ሻጮቹ «ወሪያ፣ የሬዲዮዋ ልጅ! እኔንስ መቼ ነው ሰላም የምትዪው?» ይሏታል። ከዚህ ውጪ የኔ የምትለው ነገር አልነበራትም። ሁለት ሰዓት ሙሉ የሚለውን ስትሰማ ከጣቢያው እስከ ጀጎል ግንብ በር ድረስ ዘፈን እያዜመች ሄደች።

ረቡዕ ጠዋት፣ ፈጅር ከተሰገደ በኋላ፣ የጎረቤታቸው የእማ ሐዋ ነፍስ ወጣች። አላህ ይዘንላቸው። ጉልበታቸው እስኪከዳቸው ድረስ ቅመም ሲሸጡ የኖሩ፣ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ የገሠጹ ሴት ነበሩ። አንድ ልጅ ብቻ ነው ያላቸው፤ ነስሮ ይባላል፤ ኤረር በኩል ማሽላ ያርሳል። ዓርብ ዓርብ ለጁምዓ ይመጣና እናቱ ዘንድ ውሎ ይመለሳል።

ናፊያ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ስትወጣ በጠባቧ መንገድ ላይ የአፎቻው ሰዎች ቆመዋል። አፎቻ የሰፈሩ የሐዘንና የሰርግ ማኅበር ነው፤ ሰው ሲሞት ከፈን የሚገዛውም፣ መቃብር የሚያስቆፍረውም፣ ለዘመድ የሚያረዳውም እሱ ነው። ሊቀመንበሩ ሐጂ ሰዒድ በጣታቸው እየቆጠሩ ሥራ ያከፋፍላሉ።

«ለነስሮስ ማን ሄደ?» አለች የናፊያ እናት ሀቢባ። «ስልኩ አይነሳም። መብራት ከጠፋባቸው አራት ቀናቸው ነው አሉ።»

«ስልክ ምን ያደርጋል? የባትሪ ድንጋይ ሬዲዮ አለው» አሉ ሐጂ ሰዒድ። «ወረቀቱን ገና ሳይነጋጋ ልከን ለጣቢያው ዘበኛ ሰጥተናል። አንድ ሰዓት ላይ ይሰማል፣ በቀትር ለዙህር ሶላት ይደርሳል። ሁሌም እንደምናደርገው ነው።»

እውነታቸውን ነው፤ ሁሌም እንደዚያ ነበር የሚደረገው። ሙስሊም በዕለቱ ነው የሚቀበረው። ጠዋት ወረቀት ለዘበኛው ይሰጣል፣ ጋሽ ተስፋዬ ያነቡታል፣ ገጠር ያለ ዘመድ ሰምቶ በመኪናም በአህያም ለቀብር ይደርሳል። ለውጡ የሚጀምረው ገና በዚያው ጠዋት ነበርና ማስታወቂያው መቅረቱን ማንም አላወቀም። ዘበኛውም ወረቀት አትቀበል ያለው ስለሌለ ተቀብሏል።

የምታውቀው ናፊያ ብቻ ነበረች።

አፏን ከፈተች። «ሐጂ፣ ማስታወቂያው ቀርቷል እኮ» ማለት ብቻ ነበር። ግን «እንዴት አወቅሽ?» ቢሏትስ? የዚያች የአቦከር ልጅ ሳቅ ጆሮዋ ላይ መጣባት። ምናልባት ጋሽ ተስፋዬ እንደምንም ያነቡት ይሆናል አለች በልቧ።

«ናፊያ፣ ምን ቆመሻል? ይረፍድብሻል» አለች እናቷ።

አፏን ዘጋችና ሄደች።

ሰው ሲያጠፋ ቀድሞ የሚያውቀው እግሩ ነው፤ አርፎ አይቀመጥም። ያን ቀን ናፊያ ሦስት ጊዜ ሽንት ቤት አስፈቅዳ ወጣች። አንዴም ሽንት ቤት አልሄደችም። ግቢውን ዞረችው፣ በሩ ጋ ደርሳ ተመለሰች፣ ሰዓት ጠየቀች። አራት ሰዓት ላይ «አሁንም ይደረሳል» አለች። አምስት ሰዓት ላይ «መኪና ካገኘ ይደርሳል» አለች። ሰባት ሰዓት ሲሆን ሰዓት መጠየቋን ተወች።

ነስሮ የመጣው አሥር ሰዓት ላይ ነው፣ በጭነት መኪና። የእናቱን መሞት የነገረው ሾፌሩ ነው። እስከ ጉልበቱ አቧራ ለብሶ ከእናቱ ደጃፍ ቆመ፣ አልገባም። ሰው እየተነሳ እጁን ይጨብጠዋል፣ እሱ አያይም።

«ቀበራችኋት?» አለ።

«ለዙህር ነው የሰገድንባት» አሉ ሐጂ ሰዒድ። «ጠበቅንህ። ወላሂ ጠበቅንህ ነስሮ። ሬዲዮውን አልሰማህም?»

«ከፈጅር ጀምሮ ተከፍቷል። ዘፈን፣ ዘፈን። ጋሽ ተስፋዬ መቼ ይገባሉ ብዬ ብጠብቅ፣ አንዲት ልጅ ከአቦከር ነኝ ብላ ሞት ባለመስማቷ ደስ ብሏት ትስቃለች። ጉድ ነው አልኩና ወፍ ልጠብቅ ወደ ማሽላዬ ወረድኩ።» እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። «እናቴ ሞታ እኔ ወፍ እጠብቃለሁ።»

ናፊያ ከሴቶቹ ጋር ቆማ ነበር። ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ እያለች ጀርባዋ ግድግዳ ነካ።

በማግስቱ በእረፍት ሰዓት ኤደንን ጎትታ ከክፍሉ ጀርባ ወሰደቻት።

«ልናገር ነው።»

«አብደሻል? ለማን?»

«ለሐጂ። ለነስሮ።»

«አቦ ናፊ፣ ተይና! ድምፅ ነው እኮ፣ ቢላ አይደለም። አንቺ ነሽ የገደልሻት?»

«እናቱን አልቀበረም።»

«አንቺ ብትናገሪ ይቀብራታል?» ኤደን ዞር ዞር ብላ አየች፣ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሁለት ሰዓት ሰጥቶናል ናፊ። ሁለት ሰዓት! ከተናገርሽ አንድ ደቂቃም የለንም። እሺ፣ ያንቺስ ይሁን። የእኔስ?»

እውነት ነው፣ ፕሮግራሙ የኤደንም ነበር።

«ቢያንስ የእኔን ስም እንዳትጠሪ» አለች ኤደን፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። «እናቴ ብትሰማ ቤት አታስገባኝም።»

ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ ናፊያ ወደ ቤት አልሄደችም። ግንቡን በውጭ በኩል ይዛ ተጓዘች፣ በአንዱ በር ገባች፣ በሌላው ወጣች። ሰው ሰላም ሲላት እየሰማች አትመልስም። እግሯ ሲዝል ጊዜ እማ ሐዋ ቤት ደረሰች። እናቷ ከበሩ ላይ ማንቆርቆሪያ አስያዘቻት።

«የት ነበርሽ አንቺ ልጅ? ግቢ፣ ለወንዶቹ ሻይ ቅጂ።»

ወንዶቹ እንደ ደረጃ ከፍ ዝቅ ብሎ በተሠራው መደብ፣ በነደባው ላይ ተቀምጠዋል። የከሰዓቱ የዓስር ሶላት ተሰግዷል። ናፊያ ከዳር ጀምራ መቅዳት ያዘች።

«ቅዳሜ ሄደን እናናግረው ብዬ ነበር ያንን ሥራ አስኪያጅ» ይላሉ ሐጂ ሰዒድ። «ግን ምን ብለን? ከተማው ራሱ እየደወለ ደስ ብሎናል ይላል። ዛሬ ከፍቼ ሰማሁት፣ አንድ አይደሉ፣ ሁለት አይደሉ፣ አምስት ናቸው። አንዱማ ጡረተኛ ነኝ ይላል፣ የእኔ እኩያ!»

«ዘመኑ ነው ሐጂ» አለ አንዱ።

«ዘመኑ ነው። ከተማው ካልፈለገው እኛ ማን ነን? ይቅር እንግዲህ። ከእንግዲህ እንደ ጥንቱ ሰው በእግሩ እንልካለን።»

ነስሮ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። ብርጭቆው ከፊቱ ባዶውን ነው። ናፊያ እሱ ጋ ደረሰች፣ ግን አልቀዳችም። ማንቆርቆሪያውን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠች።

«ሐጂ፣ ከአቦከር የደወለ ሰው የለም» አለች። ልክ ክፍል ውስጥ እንደሚሆነው ምላሷ ተሳሰረ። «እኔ... እኔ ነኝ።»

«ምኑ ነሽ ልጄ?»

«የሳቀችው ልጅ። እኔ ነኝ። ማንም አልደወለም፤ ከወረቀት ነው ያነበብነው።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሐጂ ሰዒድ ፊታቸው በአዘኔታ ለሰለሰ።

«አብሽሪ ናፊያ። ሐዘኑ ከብዶሽ ነው። እሷ እንደ አያት ነበረችልሽ። ያንቺን ድምፅ እኔ አጣዋለሁ? ቅዳሜ ቅዳሜ እሰማሻለሁ አይደል እንዴ!»

«ያቺ ሌላ ናት» አለ ነስሮም፣ ቀና ሳይል። «ያቺ ባለጌ ናት።»

ማንም አላመናት። ማንቆርቆሪያውን አንስታ ብትወጣ በቃ፣ አለቀ። ነገ «ምስኪን ልጅ፣ በሐዘን ምን እንዳለች አታውቅም» ይሏታል፣ ቅዳሜ ማይኳ ፊት ትቀመጣለች፣ በርበሬ ሻጮቹም ይጠሯታል። ናፊያ ወደ በሩ አየች። በሩ ክፍት ነበር።

ከዚያ እጇን አነሳችና አፍንጫዋን በሁለት ጣቷ ያዘች።

«ሄሎ፣ አምስት በር!» አለች፣ በዚያው ቀጭን ድምፅ። «ከአቦከር ነው የምደውለው። የጠዋቱን የለቅሶ ማስታወቂያ ስላስቀራችሁልን ደስ ብሎ...»

«በቃ» አለ ነስሮ።

ቀና ብሎ እያያት ነበር። ከመጣ ጀምሮ የሰው ዓይን ሲያይ ይኼ የመጀመሪያው ነው። ውጪ የነበሩት ሴቶችም ድምፁን ሰምተው ወደ በሩ ተጠጉ። እናቷ ከበሩ ላይ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። ናፊያ ጣቶቿን ከአፍንጫዋ አወረደች፣ እጇን የምታደርግበት አጣች።

«ረቡዕ ጠዋት ወረቀቱ እንደማይነበብ አውቅ ነበር» አለች፣ በራሷ ድምፅ። «እዚያ መንገድ ላይ ቆሜ፣ እያወቅኩ ነው የሄድኩት።»

ሐጂ ሰዒድ የሙስባሃ መቁጠሪያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩት።

«የቀሩት አራቱስ?» አሉ። «ጡረተኛውስ?»

«እነሱም ከዚያው ከጣቢያው ናቸው። ማን እንደሆኑ ግን ራሳቸው ይናገሩ። እኔ የራሴን ነው የምናገረው።»

«ሥራ አስኪያጁስ ምን አለሽ?»

«ከተናገርን ከጣቢያው እንደምንወጣ ነገረን።»

ሐጂ ሰዒድ ረጅም ትንፋሽ አወጡ። «እንግዲያው ከተማው አልጠላውም» አሉ ለራሳቸው ያህል። ከዚያ ወደ ሌሎቹ ዞሩ። «እንሄዳለን። ቅዳሜ እንሄዳለን። እድሮቹንም እንጨምራለን፣ ይኼ የእኛ ብቻ አይደለም።»

ነስሮ አሁንም ናፊያን ያያታል። ይቅር አልልሽም አላለም። ይቅር ብዬሻለሁም አላለም። ባዶ ብርጭቆውን አንስቶ ወደ እሷ ዘረጋ።

ናፊያ ማንቆርቆሪያውን ብድግ አደረገች። ስትቀዳ ብርጭቆው ሞላና ሻዩ በጣቱ ላይ ፈሰሰ፤ እሱ እጁን አልሰበሰበም።

«ቅዳሜ ጠዋት አንቺ እዚያ ሬዲዮው ውስጥ አይደለሽም እንዴ?» አላት።

«ጣቢያው በር ላይ እጠብቃችኋለሁ» አለች ናፊያ፣ ወደሚቀጥለው ብርጭቆም አለፈች።