የዓርቡ ውሃ

ሸምሱን «ቅናተኛ ነህ» ቢሉት «ወላሂ አይደለሁም» ብሎ ይምል ነበር። የሰንበቴ ከተማው ልጅ እስከ ሃያ አራት ዓመቱ ድረስ የሰው ጫማ አስጎምጅቶት፣ የሰው ውጤት ከንክኖት አያውቅም። ከሚሴ ሄዶ የነዋልን ቀኝ እጅ እስኪያይ ድረስ ማለት ነው።

ከሚሴ ዳር አንድ አነስተኛ የዘር መመርመሪያ ላቦራቶሪ አለ። የጨፋ ገበሬ የሚዘራው ማሽላና ጤፍ ይበቅል አይበቅል እንደሆን የሚፈተሸው እዚያ ነው። በዚያ ዓመት ላቦራቶሪው ከዩኒቨርሲቲ የወጡ ሦስት ተለማማጆችን ለስድስት ወር ተቀበለ። ስድስቱ ወር ሲያልቅ ግን በቋሚነት የሚቀጠረው አንዱ ብቻ ነው። ኃላፊዋ ወይዘሮ ዘይና ይህን በመጀመሪያው ቀን ሳይደባብቁ ነገሯቸው።

«አንድ ወንበር፣ ሦስት ሰው። ማንም ማንንም እንዲጠልፍ አልፈልግም። የሚለያችሁ ሥራችሁ ነው።»

ሸምሱ በዚያን ሰዓት ወንበሩ ትዝ አላለውም። አጠገቡ የቆመችውን ልጅ ሊተዋወቃት እጁን ዘረጋ። እሷ ግን ቀኝ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ፈገግ አለች።

«ነዋል እባላለሁ።»

ለባዕድ ወንድ እጇን አትሰጥም። ሸምሱ የተዘረጋ እጁን ሰብስቦ እሱም ደረቱ ላይ አደረገ። አፈረም፣ ደስም አለው። እናቱ ፋጡሜ «ሥርዓት ያላት» የምትላት ዓይነት ልጅ ይቺ ናት ብሎ ገና ሳይጨርስ፣ ሦስተኛው ተለማማጅ ሙሀዲን ከኋላ እየሮጠ መጣና የነዋልን እጅ አፈፍ አደረገ።

«ኑኑ! ሳንቡሳውን አመጣሽልኝ?»

«አርፈህ ተቀመጥ፣ ቢሮ ነው» አለችው። እጇን ግን አልነጠቀችውም።

ሸምሱ ይህን አየ። አይቶም ዝም አለ፤ ዝም ያለው ግን አፉ ብቻ ነበር። በምሳ ሰዓት ወደ ዘበኛው ወደ ጋሼ ዓብዱ ጠጋ ብሎ፣ ነገሩ እንዳይታወቅበት ስለ አየሩ ካወራ በኋላ ጠየቃቸው።

«ነዋልና ሙሀዲን ዘመዳሞች ናቸው እንዴ?»

«ኧረ የለም! የሱ ወገኖች ከባቲ የመጡ ናቸው፣ የሷ እዚሁ። በር ለበር ኖሩ እንጂ በደም አይገናኙም» አሉት ጋሼ ዓብዱ።

በቃ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሸምሱ ሁለት ሥራ ያዘ፦ ቀን ቀን ዘር ይቆጥራል፣ በመሀሉ ደግሞ ሙሀዲን የነዋልን እጅ ስንት ጊዜ እንደነካ ይቆጥራል። ሙሀዲን ሻሿ ሲንሸራተት ያስተካክልላታል። ከምሳ ዕቃዋ ሳይጠይቅ ይበላል። ባጃጅ ውስጥ አብረው ገብተው አብረው ይወርዳሉ። ሸምሱን ግን በየጠዋቱ የምትቀበለው ያው ደረቷ ላይ ያለው እጅ ነው። «ሥርዓቷ ለእኔ ብቻ ነው ማለት ነው» ይላል በልቡ፣ እህል አልወርድ ሲለው።

ይበልጥ የሚያናድደው ሙሀዲን ደግ መሆኑ ነበር። ሸምሱ ጉንፋን ይዞት የቀረ ቀን ሥራውን ሸፍኖለት፣ ማታ ደውሎ «አብሽር፣ ሁሉም አልቋል» አለው። እንደ ልብ ለመጥላት እንኳ የማይመች ሰው ነው።

ነዋል ደግሞ አልፎ አልፎ ተስፋ የሚሰጥ ነገር ታደርጋለች። አንድ ቀን ከጠረጴዛው ወዲህና ወዲያ ተቀምጠው ለፍተሻ የሚሆን ማሽላ እየቆጠሩ ነበር።

«ስንት ደረስክ?» አለችው።

«ስልሳ... ጠፋኝ።»

«ለምን ጠፋህ?»

«አየሽኝ።»

«እኔ ነኝ አንተን ያየሁህ?» ዓይኗን ወደ ማሽላው መለሰች። «እንደገና ከአንድ ጀምር።»

ጀመረ። ሠላሳ ላይ ሲደርስ ደግሞ እሷው አቋረጠችው።

«ሥራው ላንተ ቢሆን መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?»

«ሽማግሌ እልካለሁ።»

«ወዴት?»

«እዚሁ ከሚሴ ውስጥ ነው።»

የነዋል ጣት አንዲት ፍሬ ላይ ቆሞ ቀረ። ቆይታ ቆይታ የቆጠረችውን ሁሉ ወደ ሳህኑ መለሰችና እሷም ከአንድ ጀመረች። ሸምሱ በዚያ ሳምንት መሬት አልረገጠም።

የመጨረሻው ፈተና መጣ። ወይዘሮ ዘይና ከአንድ ጆንያ የማሽላ ዘር ለሦስቱም አካፈሉ። እያንዳንዳቸው መቶ መቶ ፍሬ በአራት የአሸዋ ትሪ ላይ ይዘራሉ፤ በአሥረኛው ቀን የበቀለው ይቆጠራል። የላይኛው መደርደሪያ የሸምሱ፣ የመሀሉ የነዋል፣ የታችኛው የሙሀዲን ሆነ። የሦስቱንም ትሪ በየተራ ያጠጣሉ። ያጠጣ ሰው ግድግዳው ላይ በተለጠፈው ወረቀት ይፈርማል።

ከሁሉም ቀን የዓርብ ውሃ ይከብዳል። ቅዳሜና እሑድ ስለሚዘጋ፣ የዓርብ ውሃ በከሚሴ ሙቀት ዘሩን እስከ ሰኞ ማድረስ አለበት። ያ ዓርብ የሸምሱ ተራ ነበር።

ላይኛውንና መካከለኛውን መደርደሪያ አጠጥቶ ሲጨርስ ጆጉ ባዶ ሆነ። ሊሞላ ሲዞር በመስኮቱ በኩል አያቸው። ሙሀዲን የነዋልን እጅ ይዞ፣ በሌላው እጁ ደረቱን እየመታ የሆነ ነገር ያወራታል፤ እሷ በሳቅ ፍርስ ብላለች። ከሸምሱ ጋር እንዲህ ስቃ አታውቅም። ደሙ ፈላ። ጆጉን አስቀመጠ። «የታችኛውን ከጁምዓ መልስ አጠጣዋለሁ» አለና ለሦስቱም መደርደሪያ ፈረመ።

ከጁምዓ መልስ ሁለቱ አንድ ባጃጅ ውስጥ ሲገቡ አየ። በቀጥታ ወደ ሰንበቴ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገባ።

ረሳሁት ማለት ቀላል ነው። ሸምሱ ግን አልረሳም። ሚኒባሱ ከከተማ ሲወጣ የታችኛው መደርደሪያ ትዝ ብሎታል። «ወራጅ አለ» ማለት ብቻ ይበቃው ነበር። አላለም።

ሰኞ ጠዋት ሙሀዲን አሸዋውን በጣቱ ነካ አድርጎ «የዘንድሮ ሙቀት ጉድ ነው!» አለና አጠጣው። ወረቀቱን ቀና ብሎ እንኳ አላየም።

በአሥረኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ ቡቃያው ተቆጠረ። የሸምሱ ከመቶ ዘጠና አንድ፣ የነዋል ሰማንያ ስድስት። የሙሀዲን አርባ ሦስት።

«ምንድን ነው ይሄ ሙሀዲን?» አሉ ወይዘሮ ዘይና። «ከአንድ ጆንያ የወጣ ዘር እኮ ነው። ውሃ ጎድሎበት ይሆን?»

ሙሀዲን ግን ራሱን ነቀነቀ።

«የለም እትዬ ዘይና። የዓርቡን ሸምሱ ፈርሟል፤ ሸምሱ ያላደረገውን አይፈርምም። ስዘራው ያበላሸሁት ነገር አለ ማለት ነው። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ነዋል ሸምሱን አየችው። ለረጅም ጊዜ አየችው። እሱ ዓይኑን አሸዋው ላይ ተክሎ ቀረ።

«እንግዲህ የስድስቱ ወር ነጥብም ሲደመር ሸምሱ ይበልጣል» አሉ ኃላፊዋ። «ሰኞ መጥተህ የቅጥር ደብዳቤህን ውሰድ።»

ሙሀዲን ዘሎ አቀፈው። «መብሩክ ወንድሜ! ይገባሃል!» ነዋል እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፤ ፈገግታው ግን አልነበረም።

እሑድ ሰንበቴ ገበያ ላይ እናቱ ያገኘችውን ሁሉ እያስቆመች «ልጄ ቋሚ ሆነ» ስትል ዋለች። ቤት ሲገቡ ጫማዋን ሳታወልቅ ጀመረች።

«ያ ኢልማኮ፣ ልጄ፣ ሽማግሌዎቹን አናግሬያለሁ። የልጅቱን አባት ስም ብቻ ንገረኝ።»

«እማ... ሥራው የሌላ ሰው ቢሆንስ?»

«የሌላ ሰው ምን ማለት ነው?»

«ዋሽቼ ያገኘሁት ቢሆን።»

ፋጡሜ ልጇን ከላይ እስከ ታች አየችው። ጫማዋን አንድ በአንድ አወለቀች። «እንግዲያ ሽማግሌ አልልክም» አለች። «ምን ብለው ያወሩልሃል?»

ሰኞ ጠዋት ሸምሱ ወደ ከሚሴ ሲመለስ አንድ ነገር ብቻ ያብሰለስል ነበር። ተናገረ ማለት ሥራውን ማጣት ብቻ አይደለም፤ ሙሀዲንን በገዛ እጁ አንስቶ፣ አጥቦ፣ ለነዋል አሳምሮ ማቅረብ ነው። ሁለቱንም ሊሰጠው ነው። ሆኖም ገባ። ወይዘሮ ዘይና፣ ነዋልና ሙሀዲን ሦስቱም ነበሩ።

«እትዬ ዘይና፣ ደብዳቤውን አልወስድም። የዚያን ዓርብ የሙሀዲንን ትሪ አላጠጣሁም። ሳላጠጣ ፈረምኩ።»

ወይዘሮ ዘይና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሥራውን ፈልገህ ነው?»

«አይደለም። ቀንቼ ነው።»

«በምን?»

ሸምሱ ሊዋሽ ይችል ነበር፤ ግን ደከመው። «እጇን ስለሚይዝ» አለ። «እኔ ስድስት ወር ሙሉ ደረቴን ይዤ ሰላም እላለሁ። እሱ እጇን ይይዛል።»

መጀመሪያ የሳቀው ሙሀዲን ነበር። ወንበሩን ይዞ ሳቀ።

«አንተ! የጡት እህቴ ናት እኮ! እናቴ እኔን ወልዳ ታማ አልጋ ላይ ስትቀር፣ ነዋልን የወለደችው ሐቢባ ናት ሁለታችንን ባንድ ላይ አጥብታ ያሳደገችን። በሸሪዓም እንደ ሥጋ እህቴ ናት። እጇን አይደለም ጆሮዋን ብጎትት ማን ይናገረኛል?» ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ። «ውሃውን ግን... ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ ስናገር አጠገቤ ቆመህ ሰማኸኝ። ወላሂ፣ አሞኛል ሸምሱ።»

ወጥቶ ሄደ። ሸምሱ «አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ» ያለው ለበሩ ነበር።

ወይዘሮ ዘይና ሸምሱን ከውድድሩ አስወጡት፤ ለሁለቱ ፈተናው እንዲደገም አዘዙ። በዚህኛው ሁለቱ ከቆጠሩ በኋላ ቡቃያውን ራሳቸው ደግመው ቆጠሩ። ሙሀዲን ጠማማ ሆነው የወጡትን፣ እንደበቀሉ የማይቆጠሩትን፣ ከጤነኞቹ ጋር ደምሮ ነበር። ነዋል ግን ቁጥሯ ቢያንስባትም ለይታ ጥላቸዋለች። ቋሚው ሥራ የነዋል ሆነ።

ሸምሱ የልምምድ ደብዳቤውን ሊወስድ የመጣ ቀን ነዋል በሩ ላይ አገኘችው። እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

«እንኳን ደስ አለሽ።»

«ከዚያ ዓርብ ቀጥሎ በነበረው ሰኞ፣ ሙሀዲን ሳያጠጣ፣ እኔም አሸዋውን ነክቼው ነበር» አለችው ያለ ሰላምታ። «ደረቅ ነበር። ፊርማህንም አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ካንተ አፍ እንዲወጣ ፈልጌ። እስከ ደብዳቤው ቀን ድረስ ጠበቅሁህ። የዚያን ጠዋት ባትናገር እኔ እናገር ነበር፤ ከዚያ በኋላም ዓይንህን አላይም ነበር።» ከንፈሯን ነከሰች። «የዚያን ዓርብ በመስኮት ስታየን አይቼህ ነበር፤ ምን እንዳሳቀን ታውቃለህ? ስለ ሽማግሌው ያልከኝን ነግሬው፣ ሙሀዲን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንተን ሆኖ ሲያሳየኝ ነው።»

ሸምሱ መሬት ብትውጠው ወደደ።

«አሁንማ ምን ሽማግሌ አለ?» አለ። «ሥራው ያንቺ ነው። እኔ ባዶ እጄን ነኝ።»

«ሽማግሌ የሚልከው ሰው ነው ወይስ ወንበር?»

ቀና ብሎ አያት። ዓይኗን አላሸሸችም። ያቺ እይታ ለሸምሱ ከደመወዝ ትበልጥ ነበር።

ወይዘሮ ዘይና በጻፉለት የልምምድ ደብዳቤ ላይ ከስሙና ከቀኑ በቀር ያሉት ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ናቸው፦ «አንድ ጊዜ ያልሠራውን ፈርሟል። ማንም ሳይጠይቀው መጥቶ ተናግሯል።» ይህን ይዞ ሥራ ሊጠይቅ ሲሄድ፣ የጨፋ ሮቢት ገበሬዎች ማኅበር ሊቀመንበር ሁለት ጊዜ አነበቡትና «እንዲህ ያለ ወረቀት አይቼ አላውቅም፤ በል ነገ ና» አሉት። ሥራው በኮንትራት፣ የዘር መጋዘን መጠበቅ ነው። ፋጡሜም ሽማግሌ ላከች።

ሽማግሌዎቹ የነዋል ቤት ሲገቡ ከልጅቱ ወገን ከተቀመጡት አንዱ ሙሀዲን ነበር። ከዚያ ሰኞ ወዲህ ሸምሱን አላናገረውም። ሁሉም ስለ ዘሩና ስለ ጠባዩ ጠይቀው ሲጨርሱ፣ ሙሀዲን ጉሮሮውን ጠራረገ።

«እኔ አንድ ጥያቄ አለኝ። ልጁ ዓርብ ዓርብ ውሃ ያጠጣል?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «እርሻ የለውም እኮ» አሉ አንደኛው ግራ ገብቷቸው። ከመጋረጃው ወዲያ የነዋል ሳቅ ተሰማ። ሙሀዲንም ሊኮሳተር ሞክሮ አቃተው።

«ደጅ ቆሞ ከሆነ ንገሩት» አለ። «አፉ ብዬዋለሁ። በጣም ቢያመኝም ብዬዋለሁ።»

ኒካሁ የታሰረው ከረመዳን ቀጥሎ ባለው በሸዋል ወር ነው። ወንዶቹ ዱዓ አድርገው ሲጨርሱ ሸምሱን ነዋል ወዳለችበት ክፍል አስገቡት። ሙሀዲን ቀድሞ ገብቶ እጇን ይዞ ያስቃታል። ሸምሱ፣ ሁሉን ነገር እያወቀ፣ አሁንም ትንሽ ቀና።

ነዋል ስታየው ተነሳች። በልማዷ ቀኝ እጇን ወደ ደረቷ አነሳች። እሱም በልማዱ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። እንደዚያ ሆነው ተፋጠጡ።

«ምን ቆማችኋል?» አለ ሙሀዲን እየወጣ። «ከዛሬ ጀምሮ ያንተ ተራ ነው።»

የነዋል እጅ ከደረቷ ሳይደርስ መንገድ ላይ ቆመ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ሸምሱ መጣ። ሂና የተቀባ እጅ ነው። ሸምሱ በሁለት እጁ ተቀበለው፤ በዚያች ቅጽበት በዓለም ላይ እሱ የሚቀናበት አንድም ሰው አልነበረም።