ቀዩ መብራት በርቶ ነበር

ማክሰኞ ጠዋት፣ ሐይቁ ዳር ጋባ ወደብ አጠገብ ባለው የሃሩን በረዶ ቤት ውስጥ የነበሩት እነዚህ ናቸው፦ ባለቤቱ ሃሩን፣ የማሽኖቹን ፕሮግራም የሚጽፉት አዛውንቱ ኢንጂነር ወልደየስና ወጣቱ ሳህሉ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛዋ ሪሃና፣ አስከሬኑን ያገኘችው ዓሣ ነጋዴ ሙህሲና፣ እንዲሁም ከመድን ድርጅት የተላከችው መርማሪ ዘርፈሽ። ሰባተኛው ሸረፈዲን ነበር። እሱ ከበረዶ መፍጫው ሥር በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ተኝቷል።

ሸረፈዲን የወሎ ልጅ ነበር፤ ለዓሣ ነጋዴዎች በረዶ ይፈጭ ነበር። ያን ዕለት ማለዳ በረዶው ተቀርቅሮ መፍጫውን አቆመው። እሱም የመፍጫውን በር ከፍቶ በዱላ ሊያስለቅቀው ጎንበስ አለ። በረዶው ሲለቅ መፍጫው ዞረና የአንገት ልብሱን ጠቀለለው።

«ነገሩ ግልጽ ነው ወይዘሮ ዘርፈሽ» አለ ሃሩን። «በሩ ሲከፈት የሞተሩ ኃይል መቋረጥ ነበረበት። ሳህሉ ግን ከማሽኑ ከርነል፣ ሁሉን ከሚያዘው ዋናው ፕሮግራም ማለቴ ነው፣ ባለፈው ወር መዓት መስመር ሰረዘ። የፖሊስ መኪና ውጭ ቆሟል። እሱ ጥፋቱን አምኖ፣ እርስዎም ከፈረሙ፣ አለቀ።»

«አላምንም» አለ ሳህሉ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ ዓይኑን ግን ከሃሩን ላይ አላነሳም። «ቢያስሩኝም አላምንም።»

«እኔም አልፈርምም» አለች ዘርፈሽ። «ገና አንድ ሰው እንኳ አላናገርኩም።»

መጀመሪያ ሙህሲናን ወደ ደጅ ይዛት ወጣች።

«እቴ፣ ስለ ኮምፒውተር ከሆነ ጥያቄሽ፣ እኔ የማውቀው ቲላፒያ ብቻ ነው።»

«ያየሽውን ንገሪኝ።»

«ምን አያለሁ! በረዶ ልገዛ ስገባ የመፍጫው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ መፍጫው ይዞራል። ሸረፈዲን … አላህ ይዘንለት። እየጮህኩ ዋናውን ማጥፊያ መታሁት።»

«በፊትም በሩ ተከፍቶ ይዞር ነበር?»

«ኧረ ወላሂ! እስከ ትናንት ድረስ በሩ ሲነካ ቀጥ ነበር የሚለው። ደግሞ ቀዩ መብራት በርቶ ነበር። እሱ እኮ ነው ያሞኘው! ቀይ ከበራ ኃይሉ ተቋርጧል ብለው ነው ያስተማሩት። መብራቱን ሳያይ እጁን የሚሰድ ልጅ አልነበረም።»

ዘርፈሽ ወደ ውስጥ ተመለሰች። ሪሃናን የሞተሩን ገመድ ነቅላ መቆጣጠሪያውን ብቻ እንድታበራ ጠየቀቻት። በሩ ሲከፈት ቀዩ መብራት በራ፤ ሲዘጋ ጠፋ።

«ለመብራቱና ለሞተሩ የተለያየ ሽቦ አለ?»

«የለም። ከበሩ የሚመጣው ሽቦ አንድ ነው፤ ሌላውን የሚያዘው ፕሮግራሙ ነው። ሞተሩን የሚያቋርጠውንም ዕቃ ፖሊሱ ፊት ሞክሬዋለሁ፤ ጤነኛ ነው። እኔ ላይ ሊለጥፉት ከሆነ አይድከሙ።»

«አልደከምኩም» አለች ዘርፈሽ ፈገግ ብላ።

ከዚያ ሳህሉ አጠገብ ተቀመጠች። «ምንድን ነው የሰረዝከው?»

«አንዱን ኮድ ለብዙ ዓይነት የመቆጣጠሪያ ቦርድ ነው የምንጠቀምበት። ስለዚህ በየሥራው መሃል ‹ለዚህ ቦርድ ከሆነ ይህን አካት፣ ካልሆነ ዝለለው› የሚል ቅድመ ሁኔታ ተሰክቶ ነበር። ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ኮምፓይለር የተዘለለውን ጨርሶ አያየውም። ቢበላሽም፣ ቢጎድልም፣ ዝም ነው። እኔ ለቅሜ አንድ ቦታ ሰበሰብኳቸው። ስለ በሩ የሚጠየቀው አሁን እዚያ ብቻ ነው፤ መብራቱም ሞተሩም መልሱን ከዚያ ይወስዳሉ።»

«በየክፍሉ ዘበኛ ከማቆም፣ ዋናው በር ላይ አንድ ዘበኛ።»

«እንደዚያ ነው። የዚህ ማሽን ቦርድ ደግሞ ካጸዳሁ በኋላ የመጣ አዲስ ነው። የድሮው ኮድ ስሙንም አያውቀውም።»

ዘርፈሽ ስትወጣ ኢንጂነር ወልደየስ ደጅ የዓሣ ሣጥን ገልብጠው ተቀምጠው ነበር።

«እኔ ይህን ከርነል ስጽፍ ይህ ልጅ ፊደል ይቆጥር ነበር» አሉ። «የለፋሁበትን እንደ ጥራጊ ጠረገው። ‹ጽዳት› ይለዋል ደግሞ!»

«የእርስዎ ኮድ ግን ለአዲሱ ቦርድ አይሆንም ይባላል።»

«ማነው ያለው? የቦርዱን ስም በየቅድመ ሁኔታው መጨመር ብቻ ነው! የት የት እንዳሉ ዓይኔን ጨፍኜ አውቃቸዋለሁ።»

ዘርፈሽ አመስግናቸው ሁሉንም መፍጫው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«መብራቱ በርቷል፤ ስለዚህ ሽቦው ደህና ነው። ማቋረጫውም ደህና ነው። ሪሃና የለችበትም» ብላ ጀመረች። «በሳህሉ ኮድ መብራቱና ሞተሩ የሚሰሙት አንድ መልስ ነው። እሱ ቢሳሳት መብራቱም ባልበራ ነበር። ደግሞም እስከ ትናንት መፍጫው ይቆም ነበር። ሸረፈዲንን የገደለው ኮድ ትናንት የተጫነ ሌላ ኮድ ነው።»

«የድሮው ተመልሶ ይሆናላ» አለ ሃሩን።

«የድሮው እንዳለ ቢሆን አዲሱን ቦርድ አያውቅም፤ መብራቱም አይበራም። አንድ ሰው የድሮውን አውጥቶ የአዲሱን ቦርድ ስም በየቦታው ጨመረበት። እርስዎ ይችሉበታል አቶ ሃሩን?»

«እኔ? የስልኬን ሰዓት የምታስተካክልልኝ ልጄ ናት።»

«እንግዲህ ያ ሰው መብራቱ ጋ ስሙን ጨመረ። ሞተሩ ጋ ግን ረሳ። ኮምፓይለሩም ዘልሎ አለፈ። የሠራው ሰው ሥራውን አያውቅም ማለት ነው።»

«ሞተሩ ጋ ጨምሬያለሁ!» አሉ ወልደየስ።

ሳህሉ ማሽኑ ላይ የተጫነው ኮድ የተሠራበትን ፋይል ከእሳቸው ኮምፒውተር ከፍቶ ስክሪኑን አዞረላቸው። በሌላው ቦታ ሁሉ የአዲሱ ቦርድ ስም አለ። ሞተሩን በሚያቋርጠው ቅድመ ሁኔታ ላይ የለም።

ወልደየስ ደጋግመው አነበቡት። «ኮዴ እንደሚሠራ ላሳይ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ሰው ልገድል አልነበረም።»

«አልነበረም» አለች ዘርፈሽ። «ግን ልጁ በእርስዎ ፋንታ ሊታሰር ሲል ሣጥን ላይ ተቀምጠው ዝም አሉ። ይህን እውነት የዘለለው ኮምፓይለሩ አይደለም።»

ፖሊሱ ተጠርቶ ገባ። ሃሩን ላቡን ጠርጎ ወደ ሳህሉ ዞረ። «በል፣ ያንተን ቶሎ መልሰህ ጫን። ነጋዴዎቹ በር ላይ ናቸው።»

«ዛሬ አልጭንም።»

«ቀጣሪህ እኮ ነኝ!»

«ነዎት። ሸረፈዲን ሳይቀበር ግን ይህ ማሽን አይዞርም። ከፈለጉ ያባርሩኝ።»

«እኔንም ይጨምሩኝ» አለች ሪሃና።

ወልደየስን ፖሊሱ ወደ ጣቢያ ወሰዳቸው። ሸረፈዲን ከሰዓት በኋላ፣ ከአሱር ሶላት ቀጥሎ ተቀበረ። በረዶ ቤቱ ያን ዕለት አልሠራም።