ያልበለዘው ገላ

ሐኪም ትርሃስ የሜላትን ሬሳ ገልጣ ሆዷን ትኩር ብላ አየች። ከእምብርቷ ግራና ቀኝ ያለው የቆየ በለዝ ወደ ቢጫነት ተለውጧል። በአዲሶቹ የመርፌ ቀዳዳዎች ዙሪያ ግን ገላዋ ምንም አልሆነም።

ትርሃስ ዶሃ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ድንገተኛ ሞትን የምታጣራ ናት። የሜላትን በሽታ ታውቀዋለች። ሊከላከልላት የሚገባው የገዛ ሰውነቷ መልሶ እሷኑ እያጠቃ ደሟን ያረጋዋል፤ በዚሁ ሦስት ፅንስ ወርዶባታል። አራተኛው ስድስተኛ ወሩን የያዘው በየማታው ሆዷ ላይ በሚወጋ ደም ማቅጠኛ ነበር። መድኃኒቱ የነካው ቦታ ደግሞ ይበልዛል። አሁን ሳንባዋ በረጋ ደም ተደፍኗል። አንድ ሰው በዚህች ሴት መድኃኒት መጫወቱ ለትርሃስ ገባት።

ባሏ ኢሳይያስ በሩ ላይ ቆሟል። «ዶክተር፣ ያላ፣ ቶሎ ፈርሚልንና አስከሬኑ ዛሬውኑ አዲስ አበባ ይሂድ።»

«መርፌውን ማን ነበር የሚወጋት?»

«እፊቴ ራሷ ትወጋ ነበር። ግን እናቴ መርፌ አትወድም። ቀኑን ሙሉ ቤት የምትውለውም እሷ ናት።»

ሰው እናቱን እንዲህ አሳልፎ ሲሰጥ ትርሃስ ሰምታ አታውቅም። ሳትፈርም ጥላው ሄደች።

አል ሙንተዛህ ሰፈር ባለው የሜላት አፓርታማ የኢሳይያስ እናት እማማ ጥሩወርቅ ዓይናቸው አብጦ ጠበቋት። «ሆድ ላይ መርፌ ልጁን ይወጋዋል እል ነበር፤ አልዋሽሽም ልጄ። ሜላትዬ ስታስረዳኝ ተውኩት። ዕቃውን ግን ነክቼው አላውቅም።»

ባልና ሚስቱ የሚሄዱበት የዓርብ የጸሎት ጉባኤ መሪ ሶፎንያስም ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ ነበር። «ጸልዪ፣ መድኃኒትሽንም አትተዪ ብያታለሁ» አለ። «ባለፈው ዓርብ ሜላት ሥራ ገብታ ሳለ ኢሳይያስ ወጥቶ መሰከረ። ሚስቴ ተፈውሳለች፣ ያለ መድኃኒት ፅንሱን ይዛለች ሲል ሕዝቡ በእልልታ ተቀበለው።»

በማግስቱ ትርሃስ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበች።

«ሜላት እስከ መጨረሻው ቀን ተወግታለች፤ ቀዳዳው ይታያል። ግን አልበለዘም። ተጠቅማ የጣለቻቸውን መርፌዎች ከዚሁ ቤት ወስጄ አስመረመርኳቸው፤ ውስጣቸው ውኃ ነው። አንድ ሰው መድኃኒቱን ደፍቶ ውኃ ሞልቶበታል። እሷ አላወቀችም።»

ኢሳይያስ እናቱን አየ።

«እሳቸውን አትይ» አለችው። «እፊቴ ትወጋ ነበር ያልከኝ አንተ ነህ። ታዲያ ያለ መድኃኒት ይዛለች ብለህ እንዴት መሰከርክ? መርፌው ውስጥ መድኃኒት አለመኖሩን የሚያውቀው የደፋው ሰው ብቻ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።»

«ተፈውሳ ነበር» አለ ኢሳይያስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እሷ እምነት አጥታ አልተውም አለች። ክብሩን መድኃኒቱ እንዳይወስደው ብዬ ነው።»

«የማንን ክብር?»

እማማ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «እኔን ቢወስዱኝስ ልጄ? ዝም ልትል ነበር?»

ኢሳይያስ ዞርም ብሎ አላያቸው። ሶፎንያስን፣ «ለጉባኤው ምን ብለህ ትነግራቸዋለህ?» አለው።

ትርሃስ ደረጃው ላይ ወጥታ ፖሊስ ጠራች። የኢሳይያስን ስም ነገረቻቸው።