የሰኔ ቀለም

አስመላሽ የወደቀው ከሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ነው። ዋና ኢንስፔክተር ጠጅቱ ልደታ ወዳለው የፓርቲው ጽሕፈት ቤት ስትደርስ ሬሳው ጓሮ ውስጥ በላስቲክ ተሸፍኖ፣ የሰኔ ዝናብ በላዩ ላይ ይወርድ ነበር። የመጣችው በእግሯ ነው። የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ጥቂት ስለቀረው የጣቢያው መኪና ነዳጅ የለውም። ፎቶ አንሺውም «እንመጣለን» ብሏል እንጂ መቼ እንደሚመጣ እሱም አያውቅም። ስለዚህ ባላት ጀመረች፤ ያላት ሁለት ዓይን ነው።

ግንቡ ላይ «የሕዝብን ገንዘብ እንደ ዓይናችን ብሌን!» የሚል ሰፊ ጨርቅ ተሰቅሏል። ይህ ፓርቲ የታወቀው በአንድ ነገር ነው፤ የመንግሥት ወጪ ባደገ ቁጥር ይጮኻል፣ «እኛ ብንሆን ቀበቶ እናጠብቅ ነበር» ይላል። የሚጮኽበትን ቁጥር ሲያሰላለት የኖረው የምጣኔ ሀብት ባለሙያው አስመላሽ ነበር።

ጠጅቱ ላስቲኩን ገለጠች። መዳፎቹ ንጹሕ ናቸው። የጫማውን ሶልና የሱሪውን ጉልበት ከጭቃ በቀር የነካቸው የለም። ከኮቱ ጀርባ፣ ወገቡ ላይ ግን አግድም የተሰመረ አረንጓዴ መስመር አለ። በጣቷ ነካችው፤ ያጣብቃል። አሸተተችው፤ ዘይት ቀለም ነው።

ቀና ስትል አንዲት አሮጊት ከፊቷ ቆመዋል። የሟቹ እናት እማማ ድንቅነሽ ናቸው፤ አጠገቡ ካለው ኮንዶሚኒየም ቤታቸው ድረስ ሰው ሮጦ ነግሯቸው ነው የመጡት። አልጮኹም። እጇን ጥብቅ አድርገው ያዙት።

«ልጄ፣ ራሱን ጣለ ይላሉ። እውነት ነው?»

«ገና አላወቅሁም፣ እማማ።»

«የንስሐ አባቱ ‹ራሱን ካጠፋ ፍትሐት አይደረግለትም› አሉኝ። ያለኝ እሱ ብቻ ነው። ያለ ጸሎት፣ ያለ ካህን አፈር ልመልስበት? ነገ ቀብር ነው፤ እስከዚያ እውነቱን ንገሪኝ።»

ጠጅቱ ቃል አልገባችም። ለስንት እናት ቃል ገብታ አሳፍራለች! እማማን የጥበቃው ቤት ውስጥ አስቀምጣ ወደ ውስጥ ገባች።

ጥበቃው እንደነገራት ከምሳ ሰዓት ወዲህ ሕንፃው ውስጥ ከሟቹ ሌላ የነበሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ሦስቱም አንደኛ ፎቅ የስብሰባ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ጠበቋት። ሊቀመንበሩ አቶ ተክለጻድቅ ጸጉራቸው የነጣ የቀድሞ አስተማሪ ናቸው። ከኮታቸው በላይ ነጠላ እስከ ጣታቸው ድረስ ተከናንበው፣ ጥለቱን እንደ ሐዘንተኛ ወደ ላይ አዙረውታል።

«አባቱ ሲሞት ያስተማርኩት እኔ ነኝ» አሉ። «እንደ ልጄ ነበር። ሰሞኑን አንገቱን ደፍቶ ከረመ። ትናንት ‹አባባ፣ መኖር ሰለቸኝ› አለኝ። ቀልድ መስሎኝ…»

«ዛሬስ አገኙት?»

«የት አግኝቼው! እግሬ ደረጃ እምቢ ብሎኛል። ላይኛው ፎቅ ከወጣሁ ወር አለፈኝ።»

ሁለተኛው አቶ በከር፣ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር የሕንፃ ዕቃ የሚነግዱ የፓርቲው ሒሳብ ሹም ናቸው። ጥፍራቸው ሥር አረንጓዴ ቀለም አለ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለቻቸው።

«ቀለም ነዋ። የቀለም ነጋዴ እጁ ምን ሊሆን ኖሯል፣ ሂና?» ሊስቁ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። ዓይናቸው ወደ ሦስተኛዋ ሸሸ።

ሦስተኛዋ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዋ ጽገሬዳ ናት። ጠጅቱ ለብቻዋ ወደ ኮሪደር አወጣቻት።

«ጠዋት ከአስመላሽ ጋር ስትጯጯሁ ጥበቃው ሰምቷል።»

«በነገው የቴሌቪዥን ክርክር ነው። ‹የመንግሥት ወጪ አበጠ› ልንል ተዘጋጅተን ነበር። እሱ ግን ‹የእኛ የተስፋ ቃል ሲደመር ከእነሱም ወጪ ይበልጣል› ብሎ መጣ። ደሞዝ እንጨምራለን፣ ማዳበሪያ እንደጉማለን፣ ግብርም እንቀንሳለን ብለናል። ‹ከየት አምጥተን? ላም አለኝ በሰማይ ነው! ነገ ይህንኑ በሕዝብ ፊት እናገራለሁ› አለ።»

«አንቺስ?»

«ሰደብኩት።» እንባዋ መጣ። «የመጨረሻ ቃሌ ስድብ ሆነ።»

«የበረንዳው ቀለምስ?»

ጽገሬዳ ፊቷ ቀላ። «ከመንግሥት ካገኘነው ድጎማ ተርፎ ነበር። ሰኔ ሳያልቅ ካልተጠቀምንበት ይመለሳል። የላይኛውን በረንዳ የብረት አጥር በዚያው በድሮው ቀለም አስቀባሁት። ዕቃውን ያመጣው በከር ነው። ቀቢው ለምሳ ሲወጣ ጨርሶ ነው የሄደው።»

ጠጅቱ ሳቅም ንዴትም ተናነቃት። የመንግሥት ቢሮ ሁሉ ሰኔ በመጣ ቁጥር ቀለም ይቀባል፤ በዚህ የሚያማው ፓርቲም እነሆ ቀብቷል። የእሷ መኪና ደግሞ ነዳጅ የለውም።

«ማን ያውቃል?»

«እኔና በከር ብቻ። አደራ፣ ጋሽ ተክሌ እንዳይሰሙ! ለአንዲት እስክሪብቶ የሚቆጡ ሰው ናቸው። ሽታውንም ቢሆን ጎረቤት ያለው ጋራዥ መኪና ሲቀባ ስለሚውል ማንም አይለየውም።»

«ሊቀመንበሩ የለበሱት ነጠላ የማን ነው?»

«የእኔ። ‹በረደኝ› ብለው ወሰዱት። ተከናንበው ሳይጨርሱ ነው ጥበቃው ሬሳውን አግኝቶ የጮኸው። ዝናቡ የወደቀበትን ድምፅ ውጦብን ኖሯል።»

ጠጅቱ ሦስቱንም ይዛ ላይ ወጣች። አቶ ተክለጻድቅ በየደረጃው እያረፉ ደረሱ። በረንዳው ጣሪያ ስላለው ዝናቡ አይነካውም፤ አረንጓዴው ብረት አሮጌውን መስሎ ቆሟል። አስመላሽ የወደቀበት ማዕዘን ከበሩ አይታይም። ጠጅቱ ከበሩ አጠገብ ቆማ ወደ ታች እያየች፣ የደከማት መስላ ክንዷን ወደ ብረቱ ሰደደች።

«ኧረ ልጄ!» አቶ ተክለጻድቅ እጃቸውን ዘረጉ። «ልብስሽ እንዳይበላሽ!»

ክንዷን መለሰች። «እግዜር ይስጥልኝ፣ አባባ» ብላ ወረደች። ደግ ሰው ናቸው፤ ደግነታቸው ነው ልቧን የሰበረው።

የስብሰባው ክፍል ውስጥ ሦስቱ ተቀመጡ። እማማ ድንቅነሽንም አስጠራቻቸው፤ የተቀመጡት ከአቶ ተክለጻድቅ አጠገብ ነው። «እርስዎ አሉልኝ፣ ጌታዬ» አሏቸው እጃቸውን እየዳበሱ።

ጠጅቱ ቆማ ጀመረች። «አስመላሽ ለአቶ ተክለጻድቅ ‹መኖር ሰለቸኝ› ብሏቸዋል ተባልኩ፤ ግን ራሱን አልጣለም። የበረንዳው ብረት ዛሬ ነው የተቀባው፤ አልደረቀም። ሊዘል የሚወጣበት ሰው በእጁ ይይዘዋል፣ በጉልበቱ ወይ በጫማው ይረግጠዋል። የእሱ እጅም ጉልበቱም ጫማውም ቀለም የለበትም። ቀለሙ ያለው ወገቡ ላይ፣ ከኋላ ነው። ብረቱን ተደግፎ ከፊቱ ካለ ሰው ጋር ሲነጋገር፣ ከፊት ነው የተገፋው።»

እማማ ድንቅነሽ አማተቡ።

«ማን ገፋው? አቶ በከር ጥፍራቸው ላይ ቀለም አለ፤ ቆርቆሮውን የከፈቱት እሳቸው ናቸውና ይኖራል። ጽገሬዳ ተጣልታዋለች። ግን ሁለቱም ብረቱ እርጥብ መሆኑን ያውቃሉ። ዛሬ እርጥብ መሆኑን እንዳያውቁ የተደበቀባቸው አንድ ሰው ናቸው። እኚህ ሰው ላይ ከወጣሁ ወር አለፈኝ ብለውኛል። ነገር ግን ልብሴ እንዳይበላሽ አዘኑልኝ።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

«ማንም ያልነገረዎትን ያወቁት ነክተውት ነው። ኮት ለብሰው በረደኝ ያሉትም ለዚያ ነው። አባባ፣ ነጠላውን ያውልቁት።»

አላወለቁትም። እማማ ድንቅነሽ ናቸው ቀስ ብለው የገለጡት፤ ሕፃን የሚያለብሱ ያህል በቀስታ። የኮቱ ሁለት እጅጌ እስከ ክርኑ አረንጓዴ ነበር።

«ነገ እንዳትናገር ብዬ ለመንኩት» አሉ አቶ ተክለጻድቅ ወደ ጠረጴዛው እያዩ። «ዕድሜዬን የፈጀሁበት ነው፣ አታፍርሰው አልኩት። ‹አባባ፣ ዋሽቶ መኖርን ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉም› አለኝ። ገፋሁት። ልግደለው ብዬ አይደለም፤ ዝም እንዲል ነው። ከዚያ ልይዘው በብረቱ ላይ ተንጠራራሁ… አልደረስኩበትም።»

«መኖር ሰለቸኝ ያለህስ?» አሉ እማማ ድንቅነሽ። አርባ ዓመት ሙሉ እርስዎ ሲሉ የኖሩት ሴት አሁን ‹አንተ› ነበር ያሉት፤ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። «መቼ አለህ? ሥጋውን ገደልከው። ነፍሱንም ልታስቀርብኝ ነበር?»

ጠጅቱ ሊቀመንበሩን የምትወስድበት መኪና አልነበራትም፤ እግራቸው እንዳያዳልጣቸው ክንዳቸውን ደግፋ በአንድ ጃንጥላ ሥር እስከ ጣቢያ በእግር ሄዱ። አላፊ አግዳሚው አባቷን የምትሸኝ ልጅ መስላው አለፈ።

በማግስቱ አስመላሽ ልደታ ማርያም በፍትሐት ተቀበረ። ማምሻውን ጠጅቱ እማማን ወደ ኮንዶሚኒየማቸው ስትሸኝ፣ መንገድ ዳር ካለ ሱቅ የቴሌቪዥን ድምፅ ሰሙ። ጽገሬዳ ጥቁር ለብሳ ክርክሩ ላይ ተቀምጣለች።

«በግፍ ያጣነው ባለሙያችን አስመላሽ በጥናት እንዳረጋገጠው» ትላለች፣ «ፓርቲያችን ደሞዝ እየጨመረ፣ ግብር እየቀነሰ፣ የመንግሥትንም ወጪ መቀነስ ይችላል።»

ከጎኗ ያለው የገዢው ፓርቲ ተወካይ ሐዘኑን ገልጾ፣ የእነሱም በጀት ያደገው በቁጠባ መሆኑን ማስረዳት ጀመረ።

እማማ ድንቅነሽ ቆሙ። «ልጄ ያለው ይሄንን ነው?»

«አይደለም፣ እማማ።»

«ምን ነበር ያለው?»

«የሌለንን እንሰጣለን አንበል ነው ያለው።»

«ይህንንማ ጎጆ የያዘ ሁሉ ያውቀዋል። ለዚህ ነው የሞተው?» ወደ ቴሌቪዥኑ ጠቆሙ። «በስሙ ሲዋሹ ዝም ትያለሽ እንዴ? ንገሪያቸዋ! ገዳዩን አግኝተሽ የለ?»

ጠጅቱ ማን እንደገደለው ልታውቅ ችላለች፤ የሞተለትን እውነት የሚሰማ ጣቢያ ግን የላትም። የእማማን እጅ ያዘችና መንገዱን አሻገረቻቸው።